ከኮምቦልቻ እስከ ውጫሌ በኮርስ ሳይክል፣ መንገዱን የምታውቁ እስኪ ምከሩኝ

ፔዳል ሰፈር፦

ሰላም እንዴት ናችሁ የሳይክል ቤተሰቦች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው ግን እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት፣ ልጅ ሆነን ክረምት ክረምት ውጫሌ አያቴ ጋ እንላክ ነበር እና ያን መንገድ የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሐረጎ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጥምዝምዝ ዳገት፣ ላይ ስንደርስ ግማሹ ተሳፋሪ ፌስታል ይዞ ያስመልሳል፣ ግማሹ ፀሎትና ዱዓ ላይ ነው፣ እኔ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ታች የተጠመዘዘውን አስፋልት እያየሁ አንድ ቀን ይሄን በራሴ እግር ነው የምወጣው እል ነበር። ይኸው 30 ዓመቴ አለፈ አልወጣሁትም።

ባለፈው ፈረንሳይ ሀገር ሎዋር የሚባለው ወንዝ ዳር ሰዎች በሳይክል ከግምብ ግምብ ሲዞሩ ቪዲዮ አየሁ። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት አንዱ ቤተ መንግሥት በር ላይ ቡና ጠጥተው ይነሳሉ ከሰዓት ሌላው ጋ ይደርሳሉ፣ መሀል ላይ የወይን እርሻ ነው፣ ትንንሽ መንደር ነው፣ ድልድይ ነው። ደስ ይላል። ግን እያየሁ ያሰብኩት ወሎን ነው። ደሴ አይጠየፍ አለ፣ ቦሩ ሜዳ አለ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፣ ውጫሌ ይስማ ንጉሥ አለ፣ ሁሉም አንድ አስፋልት ላይ ናቸው ወይም ከአስፋልቱ ብዙ አይርቁም።

ሳይክሌ አሮጌ የአልሙኒየም ኮርስ ነው፣ ፊት 53 እና 39 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 25፣ ጎማው 25 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬኑ ቸርኬ የሚይዘው ዓይነት። ልምምዴ እንጦጦ እና ሱሉልታ ነው። ያሰብኩት 3 ቀን ነው፣ አንደኛው ቀን ኮምቦልቻ ደሴ፣ ሁለተኛው ደሴ ሐይቅ፣ ሦስተኛው ሐይቅ ውጫሌ። ማርሹ ይበቃኛል ወይ? ቀኑ ያንሳል ወይ? መኪናውስ እንዴት ነው? ደግሞ እኔ የማላውቀው እግረ መንገዴን ማየት ያለብኝ ነገር ካለ ንገሩኝ። አመሰግናለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦

እንኳን ወደ ወሎ በደህና መጣህ አብሽር ወንድሜ ይቻላል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሐረጎን በሳይክል ስንት ጊዜ እንደወጣሁት መቁጠር ትቻለሁ እና የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ማርሹ። 39 በ25 ከባድ ነው። እንጦጦን ወጥተህበታል አውቃለሁ ግን እንጦጦ ያልቃል፣ ሐረጎ አያልቅም። ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትነሳና ደሴ ስትገባ 2,500 ገደማ ነህ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰሉት ሻል ያለ ዳገት ይመስላል ግን እኩል አልተከፋፈለም፣ ከኮምቦልቻ ስትወጣ ለስለስ ይልና ያታልልሃል፣ ከዛ ጥምዝምዙ ሲጀምር እያንዳንዱ ኩርባ ውስጡ ቀጥ ያለ ነው። በ39 በ25 ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለህ ማለት ነው፣ ኩርባው ላይ 12 መያዝ ካልቻልክ ፔዳሉ ይከብድሃል፣ ጉልበትህን ያምሃል፣ ቆመህ ትረግጣለህ፣ ትንፋሽህ ያልቃል። ፊት 34 ኋላ 32 ቢሆንልህ በዛው 60 ዙር 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለህ፣ ቁጭ ብለህ እያወራህ ትወጣዋለህ። ፊቱን መቀየር ውድ ከሆነ ኋላውን ብቻ ቀይር፣ 28 ወይ 30 ብታገኝ እንኳን ልዩነቱ በእግርህ ይታወቅሃል፣ ግን የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ክንዱ ትልቁን ጥርስ መቻሉን ሠሪው ይይልህ፣ ሰንሰለቱም ትንሽ ሊረዝም ይገባዋል። እኔ አንዴ አንድ ጠጋኝ ጋ (ስሙ ይቅር) ትልቅ ካሴት (የኋላ ጥርሶቹን ማለቴ ነው) አስገብቼ ሰንሰለቱን ሳያስረዝምልኝ ሰጠኝ፣ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደ ትልቁ ጥርስ ስቀይር ክንዱ ተወጥሮ ቀረና ራሱ ተጎትቶ ተሰበረ፣ ሳይክሌን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት።

አየሩም አለ። 2,500 ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ አንተ ከአዲስ አበባ ስለሆንክ ለምደኸዋል እንጂ ከቆላ የሚመጣ ሰው ሐረጎ ላይ ልቡ ነው የሚመታበት።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነስ። የምልህ ለሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ሲኖትራኩ ይበዛል፣ ከታች የሚወጣው መኪና አንተን ለማለፍ ቦታ አያገኝም ከኋላህ ጭስ እየተፋብህ ይንፏቀቃል ሁለታችሁም ትጨነቃላችሁ። ጠዋት ግን መንገዱ ያንተ ነው። አንድ ኩርባ አለ፣ ስሙን አላውቀውም፣ እኛ ማረፊያው ነው የምንለው፣ እዛ ቆም ብለህ ወደ ኋላ ስታይ ኮምቦልቻ ጭጋግ ውስጥ ሆና ቆርቆሮው ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ይታይሃል፣ ታች ያለፍካቸው ኩርባዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው እንደተጣለ መቀነት ናቸው። እዛ ጋ ውሃ ጠጣ፣ በሶ ጭብጦህን ብላ፣ አትቸኩል።

ደሴ ከገባህ በኋላ ቀኑ አላለቀም። አይጠየፍን እይ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ድሃ ነህ ሀብታም ነህ ብሎ ማንንም የማይጠየፍ። ፒያሳ ዞር ዞር ብትል ደግሞ የጣልያን ጊዜ ቤቶች አሉ፣ አንተ የወጣህበት መንገድም በዛው በጣልያን ጊዜ የተሠራ ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፣ ብዙ ቅርስ ነው የሄደው፣ ያንን ስናስብ አሁንም ያመናል። ቢሆንም ሄደህ ጠይቅ፣ ያለውን እይ።

ሦስት ቀን ይበቃል ወይ ላልከው ለመንገዱ ይበቃል፣ ለማየቱ አይበቃም። አራት አድርገው።

ቆቦ በር፦

ከሁሉም በፊት ግን ከመነሳትህ በፊት እዛው ያሉ ሰዎች ጋ ደውለህ የሰሞኑን ሁኔታ ጠይቅ። ዛሬ ሰላም የሆነ መንገድ ነገ ላይሆን ይችላል፣ ይሄን የምለው ላስፈራራህ አይደለም። ከመሸ አትንዳ፣ መታወቂያህን ያዝ፣ ኬላ ላይ ፈገግ ብለህ ውረድና ሰላም በል።

የድሮ ሹፌር፦

ልጆች እንዴት ናችሁ። እኔ በዚህ መንገድ አይሱዙም ተሳቢም ነድቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ነኝ፣ የልጄ ልጅ ናት ይሄን የምትጽፍልኝ። ሳይክል መንዳት አላውቅም ግን መሪ ላይ ሆኜ ሳይክለኛ ሳይ ምን እንደምሆን ልንገርህ ልጄ፣ ይጠቅምሃል ብዬ ነው።

አንደኛ ልብስህ። ጥቁርና ግራጫ ለብሰህ ከአስፋልቱ ጋር አትመሳሰል። ቢጫ ወይ ብርቱካናማ ልበስ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ በሚገባ ኩርባ ላይ የሹፌር ዓይን ለትንሽ ጊዜ ይጠፋል፣ በዛች ጊዜ የሚያድንህ ልብስህ ነው።

ሁለተኛ ተሳቢ። ተሳቢ ኩርባ ላይ ሲዞር ራሱ ወደ ውጭ ይሄዳል ጅራቱ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ፊቱ አልፎኛል ብለህ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ አትቁም፣ ጅራቱ ይመጣል። ኩርባ ውስጥ ተሳቢ ከኋላህ ከሰማህ ከኩርባው በፊት ወርደህ ቁም፣ ሹፌሩም ያመሰግንሃል፣ ሁለቴ ጢጥ ቢልህ ስድብ አይደለም ሰላምታ ነው።

ሦስተኛ ቁልቁለት። የተጫነ መኪና በፍሬን አይወርድም በማርሽ ነው የሚወርደው፣ ፍሬን የሚያበዛ ሹፌር ፍሬኑ ይግልና ይሸታል፣ ያ የተቃጠለ ሽታ ከሸተተህ ከፊትህ ያለው መኪና ችግር ላይ ነው፣ ራቅ በል፣ አትቅደመው።

አራተኛውን ማንም አይነግርህም። መኪና ሲበላሽ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል ለማስጠንቀቂያ። መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ድንጋዩ እዛው ይቀራል። እኛ በትልቅ ጎማ እንሸሸዋለን ወይ እንረግጠዋለን፣ ያንተ ጎማ ግን ጣት የምታህል ናት፣ ቁልቁል በፍጥነት መጥተህ ኩርባ ላይ ድንጋዩን ብታገኘው እግዜር ነው የሚያወጣህ። ማየት ወደማትችልበት ኩርባ በዝግታ ግባ።

ወደ ባቲ የሚወርደውን መንገድ አሁን አትሞክረው፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውና የሚመጣው መኪና እዛ ላይ ነው። ባቲን ማየት ከፈለግክ ሰኞ ገበያዋን በመኪና ሄደህ እይ። በደህና ግባ።

ተሁለደሬ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ እሷ የድንጋይ ነገር እኔንም ጥላኛለች፣ ክርኔ ላይ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ።

ፔዳል ሰፈር እኔ የማወራህ ሁለተኛውን ቀን ነው ምክንያቱም እንደኔ ከሆነ የዚህ መንገድ ልቡ ደሴ ሐይቅ ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር እንኳን በደንብ የማትሞላ መንገድ ናት ሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሼ ውጫሌ እገባለሁ ትል ይሆናል እባክህ እንደዛ አታድርግ። ከደሴ ወጥተህ ቦሩ ሜዳ ስትደርስ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ብርድ ነው፣ ነፋሱ ከጎን ይመጣል፣ ገብስና ስንዴ ነው የሚዘራው። ያ ሜዳ በ1870 አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያደረጉበት ነው፣ የወሎው መሐመድ አሊ ሚካኤል የተባሉት ከዛ በኋላ ነው፣ አይጠየፍን የሠሩት ማለት ነው። ለኛ ቤተሰብ ዓይነቱ ግን መራራ ትዝታም ያለበት ቦታ ነው፣ በግድ ሃይማኖት ቀይር የተባለው ብዙ ነው፣ የተሰደደው ብዙ ነው፣ አያቴ ቦሩ ሜዳ ሲባል ዝም ይሉ ነበር። አሁን እዛው ሜዳ ላይ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ነው፣ ሰርግና ለቅሶ አንድ ላይ ነው። ይሄንን አስበህ እለፈው ነው የምልህ፣ ሜዳ ብቻ አይደለም።

ከቦሩ በኋላ ቁልቁል ነው። ሱሉላን ስታልፍ አየሩ ይሞቃል፣ ማሽላ ይጀምራል፣ ከዛ ድንገት በቀኝህ ሐይቁ ይታያል። ሁሌ ያው ቦታ ነው ሁሌ ግን ያስደነግጠኛል፣ ወላሂ። በቁልቁለቱ ፍሬንህን ሳትለቅ ይዘህ አትውረድ፣ ያንተ ፍሬን ቸርኬውን ነው የሚይዘው እና ቸርኬው ግሎ የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳው ይችላል። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ከዛ ልቀቀው ይቀዝቅዝ። ጎማህን ደግሞ 28 የሚገባልህ ከሆነ 28 አድርገው አስፋልቱ እንደ አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ አይደለም።

ገዳሙ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ውሃው ገባ ያለ መሬት ላይ ነው፣ ድሮ ደሴት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዛ ነው የተማሩት። ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው የብራና ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ነው፣ ማየት ይቻል እንደሆነ በትህትና ጠይቅ። እኛ ሴቶች አንገባም፣ እኔ እስከ በሩ ሸኝቼ ዛፍ ስር ሐይቁን እያየሁ ነው የምጠብቀው፣ እሱም ደስ ይላል። ወደዛ የሚወስደው ፒስታ ነው ስለዚህ በቀስታ ንዳ ወይ ሳይክሉን ከተማ አስቀምጠህ በእግርህ ሂድ። አደራ የምልህ ልብስህ ነው። በዛ በተጣበቀው የሳይክል ቁምጣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በር ላይ እንዳትቆም፣ ቀጭን ሱሪ ጠቅልለህ ጀርባህ ኪስ ውስጥ ያዝ፣ ከላዩ ላይ ትለብሰዋለህ አንድ ደቂቃ ነው። ለኔ ይሄ መከባበር ነው፣ ሰዎቹም ወዲያው ፊታቸው ይፈታል።

ለሴቶች ለሚያነቡ ደግሞ፣ እኔ ሱሪዬን ቀሚሴን ለብሼ ሂጃቤን ከሄልሜቱ ስር አስሬ ነው የምነዳው። መጀመሪያ ዓመት ሰው ይጮህብኝ ነበር፣ ሁለተኛው ዓመት ልጆች እየሮጡ ይሸኙኝ ጀመር፣ አሁን ሱሉላ ያሉ እናቶች ዛሬ ዘገየሽ ይሉኛል። ቀጥሉ እህቶች።

ዓሣ ሳትበላ ከሐይቅ እንዳትወጣ።

ከአምባሰል ማዶ፦

የተሁለደሬ ልጅ አላህ ይጠብቅሽ የልቤን ነው የጻፍሽው። እኔ ሦስተኛውን ቀን ልውሰድ።

ፔዳል ሰፈር ወንድሜ የፈረንሳዩን ግምብ አንስተሃልና አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ግምብ እየፈለግክ ከሄድክ ጥቂት ነው የምታገኘው፣ አንገትህን ቀና ካደረግክ ግን ሞልቷል። ለወሎ ሰው ግንቡ አምባው ነው። ድንጋይ ከምሮ ከፍታ ከመሥራት እግዜር የሠራው ገደል ላይ ወጥቶ በሯን መዝጋት ይቀላል፣ ሁለት ሦስት መግቢያ ብቻ ያለው ተራራ ከየትኛው ግንብ ያንሳል? ግሸን ማርያምን እይ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው፣ ግማደ መስቀሉ እዛ ነው ተብሎ መስከረም 21 ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው የሚሄደው። መቅደላን እይ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ፣ ከጋፋት ጀምረው መንገድ እየቆረጡ ድንጋይ እየፈነቀሉ ሰው እየጎተተው ነው ያወጡት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እዛው ራሳቸውን ሠዉ እንጂ እጃቸውን አልሰጡም፣ መድፉ ዛሬም አምባው ላይ ነው። ኮርስ ሳይክል ይዘህ መቅደላ አትሄድም፣ እሱ ለወፍራም ጎማ ነው፣ ግን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስትሄድ በግራህ የአምባሰል ተራሮች ተደርድረው አብረውህ ሲሄዱ ግንብ እያየህ መሆኑን አውቀህ ሂድ ብዬ ነው።

መንገዱ ራሱ ወጣ ገባ ነው። ሐረጎን የወጣ ሰው አይፈራውም ግን እንቅልፍም አይሰጥም፣ ትንሽ ትወርዳለህ ድልድይ ታልፋለህ ደግሞ ትወጣለህ፣ ምት ይዘህ የምትነዳበት መንገድ ነው። በየመንደሩ ልጆች አሉ፣ የሚያደርጉት መሮጥ ነው፣ አንዳንዱ ጅራፍ ያጮሃል። ዝም ብለህ እንዳታልፋቸው። እጅህን አንሳ፣ በስም ስለማታውቃቸው ጀግና በል፣ ሰላም በል። ሰላም የተባለ ልጅ ድንጋይ አያነሳም ይሄ በ20 ዓመት ያየሁት ነው።

ይስማ ንጉሥ ላይ ረጋ ብለህ ቁም። ምኒልክ ሰፍረው ሳሉ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ነው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌላ መንግሥት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይቻላቸዋል ይላል፣ በጣልያንኛው ግን የግድ ሆኖ ተጻፈ። በአንድ ቃል ነው ሀገር ሊሄድ የነበረው። ከዛ ምን ሆነ፣ ጥቅምት 1888 ጦሩ ወረኢሉ ላይ ከተተ፣ ወረኢሉም ወሎ ነው፣ ከደሴ በሌላ አቅጣጫ፣ የካቲት 23 አድዋ። እና ወሎን በሳይክል የሚዞር ሰው ውሉ የተፈረመበትንም ሠራዊቱ የተሰበሰበበትንም በራሱ እግር ሊደርስባቸው ይችላል። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ሌላ ቀን ካለህ ደግሞ ሾንኬን እወቅ። ከኮምቦልቻ በሌላው በኩል ወደ ደቡብ፣ በሐርቡ አድርገህ ወደ ከሚሴ ነው የምትወርደው፣ የቦርከና ሸለቆና የጨፋ ረግረግ፣ ለጥ ያለ ነው ለኮርስ ሳይክል የተሠራ ነው የሚመስለው። ሾንኬ ተራራ ጫፍ ላይ ያለች የአርጎባዎች መንደር ናት፣ ቤቶቹ ከድንጋይ ናቸው ጣሪያቸው አፈር ነው፣ ተራራውን ተደግፈው አንዱ በአንዱ ላይ ናቸው ከታች ስታየው ቤት ይሁን ቋጥኝ ይሁን አይለይህም። የዲን ትምህርት ቦታ ናት፣ ሸኽ ጀውሀር የነበሩባት። የመጨረሻው ክፍል በእግር ነው። ግምብ ያለበት መንደር ካልከኝ እሷ ናት።

ቧንቧ ውሃ፦

ሾንኬ ላይ እስማማለሁ ግን በዚህ ጉዞ አትጨምራት ወንድሜ፣ ራሷን የቻለች ጉዞ ናት፣ በችኮላ የምትታይ ቦታ አይደለችም። አምባሰል ማዶ ስለ ልጆቹ ያለው ደግሞ እውነት ነው። ውሻ ግን ሰላም ብትለውም አይሰማም፣ ውሻ ሲመጣብህ ከሳይክሉ ውረድና ሳይክሉን በመሀላችሁ አድርገህ በእግርህ ሂድ፣ ሩጫው ነው የሚያስቆጣው፣ ባለቤቱም ወዲያው ይወጣል።

ፔዳል ሰፈር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎን። የኋላውን ማርሽ በ30 ቀይሬያለሁ ሰንሰለቱም ረዝሟል። 28 ጎማ ፍሬኑ ስር አልገባም ስለዚህ በ25ቱ ነው፣ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ይዣለሁ። መቼ ይሻላል? ጥቅምት አስቤያለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦

ጥቅምት ጥሩ ነው። ክረምቱ አልፏል ጭጋጉ ቀሏል ሰብሉ ገና ቆሟል። ከጥር በኋላ ብትል እኛ ጋ በልግ ይመጣብሃል። የጥቅምት ብርድ ግን ቦሩ ሜዳ ላይ ጣት ያደነዝዛል ጓንት እንዳትረሳ፣ ፍሬን የሚይዝልህ ጣትህ ነው።

ፔዳል ሰፈር፦

ተመልሻለሁ። አራት ቀን ነው ያደረግኩት እንደተባልኩት። ረዥም እጽፋለሁ ምክንያቱም የናንተ ምክር ነው ያደረሰኝ።

ሐረጎን 12 ሰዓት ከሩብ ነው የጀመርኩት። ግማሹ ጋ እግሬ አልነበረም ያስቸገረኝ ትንፋሼ ነበር፣ 30ው ጥርስ ባይኖር ወርጄ እገፋ ነበር። ማረፊያው ያላችሁት ኩርባ ላይ ቆምኩ። ጭጋጉ ታች ነበር፣ የሚሰማው ሩቅ ያለ መኪና ሞተር ብቻ ነው፣ ልጅ ሆኜ ግንባሬን የለጠፍኩበት መስታወት ትዝ አለኝ እና እንባዬ መጣ። የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ሆነብኝ። ደሴ ስገባ አንድ የባጃጅ ልጅ ጎን ለጎን እየነዳ ከየት ነው የመጣኸው አለኝ፣ ከኮምቦልቻ ስለው ባጃጁን አቁሞ ወርዶ ጨበጠኝ።

አይጠየፍ በር ላይ ሱሪዬን አውጥቼ ለበስኩ፣ ተሁለደሬ እግዜር ይስጥሽ። የጫማዬ ብረት ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ያፈርኩት እኔ ነኝ እንጂ ጥበቃው አባት ደስ ብሏቸው ነው ያስገቡኝ፣ እየዞሩም አሳዩኝ።

ጋሼ የድንጋዩን ነገር በደንብ ነግረውኛል ብዬ ነበር ግን ሳየው ነው የገባኝ። ከቦሩ ወደ ሱሉላ ቁልቁለቱ ላይ፣ ወደ ግራ የሚዞር ኩርባ፣ ውስጡ አይታይም፣ የእርስዎን ቃል አስታውሼ በዝግታ ገባሁ፣ ኩርባው ውስጥ ሰባት ድንጋይ በሰልፍ፣ እያንዳንዱ የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ አጠገቡ አስፋልቱ ላይ የዘይት ቦታ አለ መኪናው ግን የለም። በነበርኩበት ፍጥነት ብመጣ ኖሮ ዛሬ አልጽፍም። ሳይክሌን ጠርዝ ላይ አስደግፌ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ሦስተኛው ላይ እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ደረሱ፣ ሸክማቸውን አስቀምጠው አብረውኝ አነሱ። ከዛ አንዷ ቤቷ ቅርብ ነው ቡና ሳትጠጣ አትሄድም አለችኝ። አንድ ሲኒ ጠጥቼ ልነሳ ስል ቁጭ አደረገችኝ፣ በረካው ሳይጠጣ የሚነሳ መንገደኛ አለ እንዴ አለች፣ መርቃ ነው የሸኘችኝ፣ እንዲህ ብላ፣ ወጥቶ ከመቅረት ይጠብቅህ፣ ጎማህንም ይጠብቅልህ።

ሐይቁ የታየኝ በቀኜ ነው፣ ተሁለደሬ እንዳለችው ያስደነግጣል። ገዳሙ ወንጌሉን አላየሁም፣ የሚያሳዩት አባት አልነበሩም፣ ቅር አላለኝም ተመልሼ እመጣለሁ። ዓሣውን በልቻለሁ ሁለቴ።

ወደ ውጫሌ ባለው መንገድ ልጆቹን ሁሉ ጀግና እያልኩ ነው የሄድኩት ድምፄ እስኪዘጋ። ይስማ ንጉሥ ላይ ብቻዬን ነበርኩ፣ አንቀጹን ስልኬ ላይ አውጥቼ አነበብኩት፣ እዛ ቦታ ላይ ሆኖ ይቻላቸዋል የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ውጫሌ ስገባ የአያቴ ቤት ሌላ ሰው ይኖርበታል፣ ግቢው ውስጥ ያለው ዋንዛ ግን አለ። ሰዎቹ አስገቡኝ፣ ሳይክሌን ዋንዛው ላይ አስደገፍኩ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁ። ወዲያው ደወለች፣ ዛፉን ነው መጀመሪያ የጠየቀችኝ።

ሁለት ጊዜ ጎማ ተንፍሶብኛል፣ አንዱ እሾህ ነው፣ አንዱን ሐይቅ ያለ ጎሚስታ በ10 ደቂቃ ለጠፈልኝ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ቸርኬዬ በእጅ የማይነካ እስኪሆን ግሎ ነበር አንዴ፣ ቆሜ አቀዘቀዝኩት።

አሁን ሾንኬን እያሰብኩ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ከኮምቦልቻ በሐርቡ አድርጌ። ሳይክሉን ከሚሴ የማሳድርበት ቦታ የሚያውቅ ወይ አብሮኝ የሚነዳ ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።

ተሁለደሬ፦

እኔ አለሁ። እስከዛ ትርፍ ጎማ ሦስት አድርገው፣ የጨፋ እሾህ ከሐይቁ ይብሳል።